መርዶ በማይክሮፎን አይነገርም

በሀገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሞት የሰማ ዘመድ ወዲያው አያወራም። ቤተሰቡን የሚያውቁ ሰዎች ይጠራራሉ፤ ለሟች ይበልጥ የሚቀርበው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ይመክራሉ፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማና ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዳያጣ ነው። እኛ ግን በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች፣ በየካቲት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ይህን ሁሉ ረስተን የ7ኛ ክፍል ተማሪያችንን ሞት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በማይክሮፎን ተናገርን።

ልጁ እሁድ ከሰዓት በኋላ በመኪና አደጋ ነው የሞተው። ስሙ፣ ክፍሉና የሞተበት ምክንያት ተነገረ፤ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። የ3ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህቱ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። የቤተሰቡን ለቅሶ እንዳታይ ብሎ አንድ ጎረቤት ዩኒፎርሟን አልብሶ ልኳት ነበር፤ «ወንድምሽ ሆስፒታል ነው» ተብላለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ይህን የምጽፈው ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የተማርነውን ሌላ መምህር ሳይሳሳት እንዲያውቀው ነው።

ዋናው ነገር ከደወሉ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት ናት። ወሬው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ለቤተሰቡ ይደውል፤ አምስት መምህር እየተፈራረቀ ሐዘንተኛ ቤት መደወል የለበትም። ደዋዩ የሚጠይቃቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የሆነው ምንድን ነው? ለተማሪዎች ምን እንዲነገር ትፈቅዳላችሁ? ወንድምና እህት፣ የአጎትና የአክስት ልጆች እኛ ትምህርት ቤት አሉ? አሁን የት ናቸው፣ ምንስ ያውቃሉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው እኛ ያልጠየቅነው። ልጁ ያላወቀ ከሆነ የሚነግረው ቤተሰቡ ነው፣ መምህር አይደለም። ወደ ክፍል ሳይገባ አንድ የሚያውቃት መምህርት ጋር በጸጥታ ተቀምጦ ዘመድ መጥቶ ይወስደዋል። ቤተሰቡ «ተውት፣ ለልጅ አይነገርም» ቢል፣ በአክብሮት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «በእረፍት ሰዓት ከሌላ ልጅ መስማቱ አይቀርም። እናንተ ብትነግሩት ይሻለዋል፤ ከፈለጋችሁ አጠገባችሁ እንሆናለን።» በጨዋ ቋንቋ እውነቱ ሲነገረው እምቢ የሚል ወላጅ ጥቂት ነው።

ከዚያ ስም መጻፍ ነው። አብረውት በአንድ ዴስክ የሚቀመጡት፣ አብረውት ወደ ቤት የሚሄዱት፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩት፣ ኳስ አብረውት የሚጫወቱት፣ ዓርብ ዕለት የተጣላው፣ ደግሞ በቅርብ ጊዜ አባት ወይም እናት የሞተበት ሌላ ልጅ። የእኛ ዝርዝር 11 ስም ሆነ። እነዚህ ልጆች ከክፍሉ 10 ደቂቃ ቀድመው፣ በትንሽ ክፍል፣ ተቀምጠው ይስሙ። የመርዶው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ቅርብ የሆነ ይቀድማል፣ ብቻውንም አይሰማም። በተመሳሳይ ሰዓት ሌሎቹ መምህራን ለ15 ደቂቃ ይሰብሰቡ፤ አንዲት አጭር ጽሑፍ በወረቀት ይታደላቸውና ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ቃል ይስማ። በዚያ ጠዋት ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃ አይክፈት። ሰልፍ ካለ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይግባ፤ በሰልፍ ላይ ምንም አይነገር። ወደ ዘጠኝ መቶ ልጅ ባለበት ግቢ ውስጥ ማን እንደከፋው ማየት አይቻልም፤ ሃምሳ ስምንት ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ከባድ ቢሆንም ይቻላል።

ለክፍሉ የሚናገረው ልጆቹ የሚያውቁት የክፍል ኃላፊ መምህር ይሁን፤ ሁለተኛ መምህር በሩ አጠገብ ይቁም። የሁለተኛው ሰው ሥራ መናገር አይደለም፤ ፊት ማየት ነው፣ የሚወጣ ልጅ ካለ አብሮ መውጣት ነው። የክፍል ኃላፊው ራሱ መናገር ካቃተው ቦታ ይቀያየሩ፤ ነውር የለውም። መምህር እንባ ቢመጣበት ልጆቹን አይጎዳም፣ እንዲያውም ማልቀስ እንደሚፈቀድ ያያሉ። የሚጎዳቸው መምህሩ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት እነሱ እሱን ማጽናናት ሲጀምሩ ነው።

አሁን ስለ ቃላት። አማርኛ ሞትን የሚሸፍንበት ቃል ሞልቶታል፤ አረፈ፣ አሸለበ፣ አንቀላፋ፣ ተለየን፣ ወደ አምላኩ ሄደ። ለአዋቂ ክብር ያላቸው ቃላት ናቸው፤ ለልጅ ግን ሌላ ትርጉም አላቸው። «አረፈ» የተባለ የ2ኛ ክፍል ልጅ ከድካሙ ሲነሳ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። «አንቀላፋ» የተባለች ልጅ ማታ መተኛት ትፈራለች። «እግዜር ጥሩ ልጅ ስለሆነ ወሰደው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ልጁ ጥሩ መሆን አደገኛ ነው ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ «ሞተ» የሚለውን ቃል በግልጽ ተናገሩ። እኛ በኋላ ላይ የጻፍነው እንዲህ ይላል፦ «ልጆች፣ የምነግራችሁ በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው። ጓደኛችሁ ትናንት ከሰዓት በኋላ መኪና ገጭቶት ሞቷል። ሐኪሞች ሊያድኑት ሞክረው ነበር፣ አልተቻለም። አንዳንዶቻችሁ ታለቅሱ ይሆናል፣ አንዳንዶቻችሁ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ሁለቱም ልክ ነው። መጠየቅ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላችኋለሁ።» ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ረጅም ይመስላል፤ አትሙሉት።

ጥያቄዎቹ እናንተ እንደጠበቃችሁት አይሆኑም። «ብዙ አመመው?» ይላሉ። «እኔም እሞታለሁ?» ይላሉ። «መቃብር ውስጥ አይበርደውም?» ይላሉ። አንዱ ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ የሒሳብ ደብተሩ እኔ ጋ ነው፣ ለማን ልመልስ?» አለ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ልጁ ሐዘኑን የያዘበት እጀታ ነው። «አስቀምጠው፣ ቤተሰቡ ሲረጋጋ አብረን እንሰጣቸዋለን» በቂ መልስ ነው። ስለ ብርዱ ለሚጠይቅ ትንሽ ልጅ፦ «ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም፤ ተመልሶም አይመጣም።» ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት የሚቀለበስ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በማግስቱም ይጠይቃሉ፤ ያንኑ መልስ በትዕግሥት ድገሙላቸው። ዘጠኝና አሥር ዓመት ላይ አብዛኞቹ ሞት የማይቀለበስና ሁሉንም የሚነካ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያኔ ፍርሃቱ ወደ እናት አባታቸው ይዞራል። «ማንም አይሞትም» ብላችሁ አትማሉ። «አብዛኛው ሰው ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ቤታችሁ ውስጥ የሚጠብቋችሁ ሰዎች አሉ» በሉ።

የነፍስ ነገር ሲነሳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ ክፍል ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። «የሞተ ሰው የት ይሄዳል?» ለሚለው የእኔን እምነት መልስ አድርጌ መስጠት የሌላውን ልጅ ቤት ማፍረስ ነው። «ስለዚህ የየቤታችሁ እምነት መልስ አለው፤ ዛሬ ማታ እናትና አባታችሁን ጠይቁ» ማለት ልጁን ወደ ቤተሰቡ ይመልሰዋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ስህተታችን በማግስቱ ነበር። ከቅንነት «እያንዳንዳችሁ ተራ በተራ የተሰማችሁን ተናገሩ» አልን። አንዳንዱ ያላየውን አደጋ ከጓደኛው አፍ በዝርዝር ሰማ፤ አንዳንዱ የሚለው ሲያጣ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረ። ከአሳዛኝ ነገር በኋላ ሰውን አስገድዶ እንዲተርክ ማድረግ እንደማይጠቅም፣ ሊጎዳም እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ያስጠነቅቃል። የእሱ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ነገር ይጠቃለላል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ማን እንደተጎዳ እዩ፤ መናገር የፈለገውን ስሙ፤ ከሚረዳው ሰው ጋር አገናኙ። መናገር ለማይፈልግ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ስጡ፤ ይሳል፣ ለጓደኛው ደብዳቤ ይጻፍ፣ ወይም ምንም አያድርግ። ወረቀቱን አትሰብስቡ፤ ሊሰጣችሁ ከፈለገ ይሰጣችኋል።

በዚያው ቀን ከአደጋው ቦታ የተነሳ ፎቶ በቴሌግራም መዞሩን ሰማን። ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል ነው፤ ቤት ውስጥ ግን የታላቅ ወንድም ስልክ አለ። እዚህ ላይ የረዳን ጥቁር ሰሌዳው ነው። በሁለት መስመር ለሦስት ከፈልነው፤ አንዱ ላይ «የምናውቀው»፣ ሁለተኛው ላይ «የሰማነው»፣ ሦስተኛው ላይ «ማንም የማያውቀው» ብለን ጻፍን። ልጆቹ ወሬውን ሁሉ አወጡ፤ ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር፣ ልጁ ሮጦ ነው፣ ገፍተውት ነው። እያንዳንዱን ወሬ «ማን አየ?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኛው ወደ መካከለኛው ረድፍ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ጭቅጭቁ ቆመ። ፎቶውን ያየ ካለ እጅ እንዲያወጣ አትጠይቁ፤ ያላየው ይፈልገዋል። «ፎቶ ያያችሁ ካላችሁ ለእኔ ለብቻ ንገሩኝ፤ ለሌላ አትላኩት፣ አጥፉት» ማለት ይበቃል። ለወላጆችም በዚያው ቀን አጭር መልእክት ይላክ።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ያቆስላሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የገባ የሌላ ትምህርት መምህር ስም ሲጠራ የልጁን ስም ጠራ። ስለዚህ በዚያኑ ዕለት የስም መጥሪያው ላይ ምልክት ይደረግ፤ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ታርመው የሚመለሱ የፈተና ወረቀቶች መካከል የእሱ ወረቀት እንዳይወጣ ቀድሞ ይታይ። ዴስኩን ደግሞ ሌሊት አታንሱ። ልጆቹ ማክሰኞ መጥተው ባዶ ቦታ እንኳ ቢያጡ ሰው ያለ ዱካ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ዴስኩ ለሰባት ቀን ባለበት ይቆይ፤ ከዚያ ምን እንደሚደረግ ክፍሉ ይምከር። የእኛዎቹ በዚያ ወር የመቀመጫ ቦታቸውን ሁሉም በአንድ ላይ እንዲቀያየሩ ጠየቁ፤ ማንም «የሟች ቦታ ላይ ተቀመጥክ» እንዳይባል። ከመምህራን ማንም አላሰበውም ነበር።

ለቅሶ ቤት መሄድን በተመለከተ፣ ክፍሉን በሙሉ ይዞ መሄድ አይጠቅምም። ከስድስት የማይበልጡ የቅርብ ጓደኞች፣ ሁለት መምህራን፣ ከእያንዳንዱ ወላጅ የተጻፈ ፈቃድ። ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚያዩ ንገሯቸው፤ ድንኳን፣ ፎቶው፣ ደረቷን የምትመታ እናት፣ ንፍሮ የሚያቀርቡ የእድር ሰዎች። ምን እንደሚሉም አስተምሯቸው፤ ለክርስቲያን ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ ለሙስሊም ቤት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። መሄድ ያልፈለገ ልጅ አይገደድ፤ ሲመለሱም ሳይነጋገሩ ወደ ቤት አይበተኑ።

እህቲቱ ከሰባቱ ቀን በኋላ ተመለሰች። ሐዘንተኛ ልጅ ሲመለስ ክፍሉ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ወይ ይከብባታል፣ ወይ ይሸሻታል። ከመምጣቷ አንድ ቀን በፊት ለክፍሏ እንዲህ ተነገረ፦ «ነገ ትመጣለች። ስለ ወንድሟ ካላወራች አትጠይቋት፤ ካወራች ስሟት። ጨዋታ ጥሯት።» ለእሷ ደግሞ ከመምህርቷ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ከከበዳት አንዲት ቀይ እርሳስ ዴስኩ ላይ ታስቀምጣለች፣ ሳትጠየቅ ወጥታ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ተጠቀመችበት፤ በሦስተኛው አንድ ጊዜ። «በርቺ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ እናትሽን አጽናኚ» ማለት ግን ተውን። የ9 ዓመት ልጅ እናቷን አትሸከምም። ለወንዶቹም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እንዲሁ።

ዓርብ ዕለት የተጣላውን ልጅ ልረሳው አልችልም። ለአሥር ቀን ያህል አልተናገረም። የደረስንበት በምገባ ሰዓት ነው፤ ቁርሱን ሳይነካ እንደሚመልስ ያየችው ምግብ የምታድለው እናት ናት። «ሂድ ሙት ብዬው ነበር» አለ በመጨረሻ። ልጆች ያሰቡት ወይም የተናገሩት ነገር የሆነውን ያመጣ ይመስላቸዋል። መልሱ ቀጥተኛ ይሁን፦ «ተጣልታችሁ ነበር። ጓደኛሞች ይጣላሉ። አደጋውን ያመጣው መኪናው ነው፤ ያንተ ቃል አይደለም።» አንድ ጊዜ መናገር አይበቃም። የምገባ ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና የጽዳት እናቶች ከመምህር በላይ ያያሉ፤ በስብሰባው ላይ እነሱም ይጠሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ማመም፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩረት ማጣት፣ መቆጣትና ከእናት አለመለየት የሚጠበቁ ናቸው። የዕለቱ ሥርዓት ባለበት መቀጠሉ፣ ደውሉም ትምህርቱም በሰዓቱ መሆኑ ያረጋጋቸዋል፤ ፈተና ግን በመጀመሪያው ሳምንት አትስጡ። ከአንድ ወር በኋላ ያልቀነሰ ወይም የባሰበት ልጅ ካለ ከወላጁ ጋር ተነጋግራችሁ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይላካል። «አማኑኤል» የሚለው ስም ወላጅን ያስደነግጣል፤ «ሆዱን ሲያመው ሐኪም ጋ እንደምትወስዱት ነው» ብላችሁ አስረዱ። ልጁ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ግን ወር አይጠበቅም። «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ አለህ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ለደቂቃ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሰዓት ወላጅ ይጠራ፤ ጉዳት ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ይህ ሁሉ ለሞት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሲነሳ ከክፍላችን ልጆች በተርም መካከል ወደ ሩቅ ሰፈር ሄደዋል። ባዶ ዴስክ እዚህም አለ፤ ሳይሰናበቱ የሄዱ ጓደኞች አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ለስንብት መስጠት፣ ስልክ የሚለዋወጡበትን ወረቀት ማዘጋጀት ብዙ ያቀላል። ጦርነትና ግጭት በዜና ሲሰማ ደግሞ ትልቁ ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ማንንም ልጅ «የአንተ ቤተሰብ ከየት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የየትኛውም ወገን ቃል አቀባይ አታድርጉት። በአንድ ዴስክ ላይ የሁለቱም ሐዘን ሊኖር ይችላል። ሦስቱ የሰሌዳ ረድፎች እዚያም ይሠራሉ።

የልጁ አርባ በመጋቢት ወር ነበር፤ ቀኑን የመምህራን ክፍል ካሌንደር ላይ ቀድመን ምልክት አድርገንበት ስለነበር ልጆቹ ለምን እንደከፋቸው ገባን። ሙት ዓመቱና የልደቱ ቀንም እንዲሁ ተመዝግበዋል። ሰኔ 30 ካርድ ሲሰጥ ስሙ እንዳይጠራ፣ እናቱም በሰልፍ መካከል እንዳትቆም፣ የክፍል ኃላፊው ካርዱን ሦስት ቀን ቀድሞ ቤት ድረስ ወሰደላት። የሒሳብ ደብተሩ እሱ ጋ የነበረው ልጅ አብሮ ሄደ። እናትየው የሒሳብ ደብተሩን ገልጣ ካየች በኋላ መልሳ ሰጠችው፤ ግማሹ ገና ባዶ ነበር።